ቀለም፣ ብርዕና ባዶ ወረቀት

በዚህ ትምህርት የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ተረቶች በቀለም እንዴት ይነደፉ እንደነበር እንማራለን። ንድፎቹ የተሠሩት በአውሮፓ ነው። ከተሠሩም ከሦስት መቶ እስከ አምስት መቶ ዓመት አልፏቸዋል። የተሠሩበት ዕቃ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጥላሸት፣ ጥቀርሻ፣ የግራር ሙጫ፣ መቃ፣ የወፍ ላባና አሮጌ ጨርቅ ነው። እነዚህን የማያውቅ ገበሬ የለም።

ትምህርቱን ስንጨርስ ሦስት ነገሮችን ማወቅ ይኖርብናል።

አንደኛ፣ ወረቀቱ፣ ብርዑና ቀለሙ ከምን እንደሚሠሩ።
ሁለተኛ፣ ነዳፊው ሥራውን በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራ።
ሦስተኛ፣ በወረቀቱ ላይ ባዶ የተተወው ቦታ ምን እንደሚናገር።

ሦስተኛው ጉዳይ አንዲት "የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት" የተባለች ሴትን ይመለከታል። ስለዚህ በደንብ እናንብበው። በትምህርቱ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ተረቱ

የጥንት ግሪኮች ብዙ አማልክት ያመልኩ ነበር። የባሕር አምላክ፣ የፀሐይ አምላክ፣ የጦርነት አምላክ ነበራቸው። ስለ አማልክቱና ስለ ጀግኖች የሚነገረውን ተረት ሮማውያን ወረሱት። በክርስቶስ ልደት ዘመን የኖረው ኦቪድ የተባለ የሮም ባለቅኔ ብዙዎቹን ተረቶች በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ሰበሰባቸው። ከእርሱ ከ1400 ዓመታት በኋላ የተነሡ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ተረቶቹን ከዚያ መጽሐፍ እየወሰዱ ነደፏቸው።

ከተረቶቹ አንዱ እንዲህ ይላል። ኬፌዎስ የሚባል የኢትዮጵያ ንጉሥ ነበረ። ሚስቱ ካሲዮፔያ ትባላለች። ንግሥቲቱ በውበት ተመካች። ከባሕር ቆነጃጅት ሁሉ እንበልጣለን አለች። የባሕሩ አምላክ ይህን ሰምቶ ተቆጣ። አንድ አውሬ ከባሕር ሰደደባቸው። አውሬው ሰዉንም ከብቱንም ፈጀ። ንጉሡ ምክር ቢጠይቅ፣ ልጅህን አንድሮሜዳን ለአውሬው ካልሰጠህ አገርህ አይድንም ተባለ። ልጅቱ ያለ ጥፋቷ በባሕር ዳር ከዓለት ጋር በሰንሰለት ታሰረች። እናት ለተናገረችው ልጅ ከፈለች። በዚያ ሰዓት ፔርሴዎስ የሚባል ጀግና በአየር ላይ እየበረረ ሲያልፍ አያት። አውሬውን ገድሎ ከሰንሰለቱ ፈታት። በኋላም አገባት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንወቅ። የጥንት ግሪኮች "ኢትዮጵያ" ሲሉ የዛሬዋን አገራችንን ለይተው መጥራታቸው አልነበረም። ቃሉ በቋንቋቸው "ፊቱ በፀሐይ የተቃጠለ" እንደ ማለት ነው። ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር በጠቅላላው በዚህ ስም ይጠሩት ነበር። የተረቱንም ቦታ ሁሉም አንድ አያደርጉትም። አንዳንድ ጥንታውያን ጸሐፊዎች ነገሩ የሆነው በኢዮጴ ነው ይላሉ። ኢዮጴ ነቢዩ ዮናስ መርከብ የተሳፈረባት የወደብ ከተማ ናት። ኦቪድ ግን የኢትዮጵያ ሕዝብ ባለበት ባሕር ዳር ነው ብሎ ይተርካል። ይህን በልባችን እንያዝ። ኋላ እንመለስበታለን።

2. ወረቀቱ

አባቶቻችን በብራና ላይ ይጽፉ እንደነበር እናውቃለን። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተወጥሮ፣ ተፍቆና ደርቆ ብራና ይሆናል። በአውሮፓም እንደዚሁ ነበር። ብራና ግን ውድ ነው። አንድ መጽሐፍ ለመጻፍ ብዙ ከብት ይታረዳል። ሰው እየሞከረ፣ እየሳተና እየደገመ ለመንደፍ ርካሽ ነገር ያስፈልገዋል። ያ ርካሽ ነገር ወረቀት ሆነ። በኢጣሊያ ፋብሪያኖ በምትባል ከተማ ከ1200ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ወረቀት ይሠራ ነበር።

ያን ጊዜ ወረቀት የሚሠራው ዛሬ እንደሚሠራው ከእንጨት አልነበረም። የሚሠራው ከአሮጌ ጨርቅ ነው። በመጽሐፍ "የተልባ እግር" የሚባለውን ጨርቅ እናስታውስ። እኛ የተልባን ፍሬ ቆልተንና ወቅጠን እንበላለን። አውሮፓውያን ከግንዱ ክር እያወጡ ልብስ ይሠሩ ነበር። ልብሱ ሲያልቅ ጨርቁ ይሰበሰባል። በውሃ ኃይል በሚንቀሳቀስ መዶሻ እየተወቀጠ እንደ ቀጭን አጥሚት ይሆናል። ያን አጥሚት በሽቦ ወንፊት ያወጡታል። ውሃው ይንጠፈጠፋል፤ ወንፊቱ ላይ የቀረው ስስ ነገር ተጭኖና ደርቆ ወረቀት ይሆናል።

ነገር ግን እንዲህ ያለው ወረቀት ቀለም ሲነካው እንደ ጨርቅ ይመጠዋል። መስመሩ ይስፋፋል። ስለዚህ የቆዳ ቁርጥራጭ ቀቅለው ሙጫ ያወጣሉ፤ ወረቀቱን በሙጫው ይነክሩታል። ከዚያ በኋላ ቀለሙ ባረፈበት ይቆያል፤ መስመሩም ጥርት ይላል።

ስለ ወረቀት ከሁሉ በላይ ማወቅ ያለብን ይህን ነው። በቀለም ንድፍ ውስጥ ብርሃኑ ወረቀቱ ራሱ ነው። ነዳፊው ፊት ላይ ብርሃን ማሳየት ሲፈልግ ብዙ ጊዜ ምንም አይቀባም። ወረቀቱን ባዶውን ይተወዋል። ጥላ ሲፈልግ ግን ቀለም ያኖራል። እንግዲህ ባዶ ቦታ ሁሉ የተረሳ ቦታ አይደለም። አስቦ የተወው ቦታ ነው።

3. ብርዑ

ሁለት ዓይነት ብርዕ ነበረ። አንደኛው የላባ ብርዕ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዝይ ከምትባል ዳክዬ መሰል ትልቅ ወፍ ክንፍ ይወሰዳል። ቀጭን መስመር ለማውጣት የቁራ ላባ ይመረጣል። ላባው ሲነቀል ለስላሳ ስለሆነ በጋለ አሸዋ ውስጥ ይቀበራል። ሙቀቱ ያጠነክረዋል። ከዚያ ጫፉ በስለታም ቢላዋ በሰያፍ ይቆረጣል። መሐል ለመሐል ጠባብ ስንጥቅ ይወጣለታል። ቀለሙ በዚህ ስንጥቅ ወደ ወረቀቱ ይወርዳል።

የላባ ብርዕ እጅን ይሰማል። ሲጫኑት ስንጥቁ ይከፈትና መስመሩ ይወፍራል። ቀለል ሲያደርጉት መስመሩ እንደ ጸጉር ይቀጥናል። በአንድ ጭረት ውስጥ ቀጭንም ወፍራምም መስመር ማውጣት ይቻላል። ክንድ ሲታጠፍ ጡንቻው የሚያብጠው፣ ልብስ በነፋስ የሚነሣው በዚህ መስመር ነው።

ሁለተኛው የመቃ ብርዕ ነው። ይህን የአገራችን ጸሐፍትም ይዘውት ኖረዋል። መቃ እንደ ላባ አይተጣጠፍም። መስመሩ ወፍራምና አጭር ነው፤ ቀለሙም ቶሎ ያልቃል። አንዳንድ ሠዓሊዎች ይህንን ድርቀቱን ወደዱት። በኔዘርላንድስ የኖረው ሬምብራንት (1606–1669) ከላባው ጋር መቃም ይጠቀም ነበር። በጥቂት ወፍራም ጭረት አንድ ሙሉ ሰው ያቆማል።

4. ቀለሙ

የአውሮፓ ነዳፊዎች በብዛት የተጠቀሙባቸው ሦስት ቀለሞች ናቸው።

የጥላሸት ቀለም። ይህ የመጀመሪያውና ጥንታዊው ነው። መብራት ወይም እሳት የሚተወው ጥላሸት ተሰብስቦ ይፈጫል። በውሃና በሙጫ ይለወሳል። ሙጫው ጥላሸቱን ከወረቀቱ ጋር ያጣብቀዋል። የአገራችን ጸሐፍትም ጥቁር ቀለማቸውን ከጥላሸት ይሠሩ ነበር፤ የተቃጠለ እህልና ቅጠል ጨምረው ለወራት ያቆዩታል። የጥላሸት ቀለም ፀሐይ አያደበዝዘውም። ወረቀቱንም ብራናውንም አይጎዳም።

የጥቀርሻ ቀለም። ከምድጃ በላይ በጣሪያው ላይ የሚንጠለጠለውን ጥቀርሻ እናውቀዋለን። ቡናማና ዝፍት የመሰለ ነው። አውሮፓውያን የማገዶ እንጨት ጥቀርሻን ከጭስ መውጫው ፍቀው በውሃ ያፈላሉ። ውሃው ቡናማ ይሆናል። ተጠልሎ ሲቀመጥ ለንድፍ ይሆናል። በተለይ በቡሩሽ ለሚቀባ ስስ ጥላ ተስማሚ ነው።

የብረት ቀለም። ይህ አሠራሩ ረቀቅ ይላል። ኦክ በሚባል ዛፍ ላይ አንዲት ትንሽ ተርብ እንቁላሏን ትጥላለች። ዛፉ በእንቁላሉ ዙሪያ ያብጣል። እባጩ ሲደርቅ ክብና ጠንካራ ይሆናል። በውስጡ ታኒን የሚባል አፍ የሚያኮማትር ነገር አለ። ቆዳ አልፊዎች ቆዳ የሚያለፉት በዚሁ ነገር ነው። እነርሱ ከዛፍ ልጥ ያገኙታል። ነዳፊዎቹ እባጩን ወቅጠው በውሃ ወይም በወይን ጠጅ ይዘፈዝፉታል። ውሃው ላይ የብረት ጨው ይጨምሩበታል። ወዲያው ይጠቁራል። በመጨረሻ የግራር ሙጫ ያስገቡበታል። ሙጫው ከአፍሪካ ግራሮች ተለቅሞ በንግድ ወደ አውሮፓ ይሄድ ነበር።

ይህ እንግዳ ነገር ከመሰለን በቤታችን እንየው። ምስማር በእርጥብ እንጨት ላይ ተመትቶ ሲቆይ በዙሪያው ያለው እንጨት ይጠቁራል አይደል? የእንጨቱ ታኒንና የምስማሩ ብረት ተገናኝተው ነው። የብረት ቀለም ማለት ይኸው ነው።

የብረት ቀለም ሲጻፍበት ፈዘዝ ያለ ነው። አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። መቶ ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ ወደ ቡናማ ይለወጣል። ስለዚህ ዛሬ ቡናማ ሆኖ የምናየው ንድፍ ሁሉ ሲሠራ ቡናማ ነበር ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ሲሠሩ ጥቁር ነበሩ።

5. አሠራሩ

እርሳስ ቢሳሳት በላጲስ ይጠፋል። ቀለም ግን ከፈሰሰ አይመለስም። ስለዚህ ሥራው ደረጃ በደረጃ ይሄዳል።

መጀመሪያ፣ ነዳፊው በጥቁር ጠመኔ ወይም በከሰል በጣም ቀለል አድርጎ የሰዎቹንና የነገሮቹን ቦታ ያመለክታል። ይህ ጭረት ቢሳሳት ይራገፋል። ገበሬ ከማረሱ በፊት ማሳውን ዞሮ እንደሚያየው ነው።

ሁለተኛ፣ በብርዑ ዳር ዳሩን ያወጣል። ብርሃን በሚመጣበት በኩል መስመሩን ያቀጥናል። ጥላ ባለበት በኩል ያወፍራል።

ሦስተኛ፣ ጥላውን በጭረት ይሞላል። ጭረቶቹ እንደ እርሻ ትልም ጎን ለጎን ይሰመራሉ። ትልሙ ሲቀራረብ ጥላው ይጠቁራል። ሲራራቅ ይሳሳል። በጣም መጥቆር ያለበት ቦታ፣ ማሳ በሁለተኛው ዙር በአግድም እንደሚታረስ፣ በጭረቱ ላይ ሌላ ጭረት ይሻገርበታል። የሰው ገላ ሲሆን ጭረቱ ቀጥ ብሎ አይሄድም። የተዳፋት መሬት ትልም ኮረብታውን ተከትሎ እንደሚዞር፣ ጭረቱም ክንዱንና ጭኑን ተከትሎ ይዞራል።

አራተኛ፣ ቀለሙን በውሃ አቅጥኖ በቡሩሽ ይቀባል። በመጀመሪያ በጣም የቀጠነውን ይቀባል። እስኪደርቅ ይጠብቃል። ከዚያ በላዩ ላይ ይደግማል። በደረበ ቁጥር ቦታው እየጠቆረ ይሄዳል። ካልደረቀ ግን ቀለሙ ተዋህዶ ይበላሻል።

አምስተኛ፣ ወረቀቱ ሰማያዊ ወይም ሌላ ቀለም ያለው ከሆነ፣ ብርሃኑ ጎልቶ እንዲወጣ በነጭ ቀለም ጥቂት ቦታ ይነካል። ያ ነጭ ቀለም ከአደገኛው ከሊድ ማዕድን የሚሠራ ነበር። ሊድ መርዝ ነው።

6. አራት ሥራዎች

ሊዮናርዶና ሹሩባው። የኢጣሊያው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ (1452–1519) ሌዳ የምትባለውን ንግሥት ሥዕል ሠርቶ ነበር። በተረቱ ታላቁ አምላክ ዝይ በሚመስል ነጭ ወፍ ተመስሎ ወደ ሌዳ ይመጣል። ለሥዕሉ ዝግጅት ሊዮናርዶ የራሷን ሹሩባ በጠመኔ ከጀመረ በኋላ በብርዕና በቀለም ነደፈው። ጉንጉኑ እንዴት እንደሚጀምር፣ እንዴት እንደሚጠመዘዝ፣ የት እንደሚያልቅ አንድ በአንድ ይታያል። ሹሩባ ሠሪ አይታው ልትሠራው ትችላለች። ትልቁ ሥዕል ዛሬ የለም፤ ጠፍቷል። ወረቀቶቹ ግን በእንግሊዝ አገር በዊንድሰር ቤተ መንግሥት ተቀምጠዋል።

ዱረርና ጭረቱ። የጀርመኑ አልብሬኽት ዱረር በ1494 የኦርፌዎስን ሞት ነደፈ። በዚያን ጊዜ ገና 23 ዓመቱ ነበር። ኦርፌዎስ ሲዘፍንና ሲመታ አራዊት ሳይቀሩ ቆመው የሚሰሙት አዝማሪ ነው። በመጨረሻ ሴቶች በበትር ደብድበው ገደሉት። በንድፉ ላይ ኦርፌዎስ ተንበርክኮ በክንዱ ሲከላከል ይታያል። ሁለት ሴቶች በግራና በቀኝ በትር አንሥተዋል። ሕፃን ልጅ ይሸሻል። ጡንቻው፣ ቅጠሉና የልብሱ እጥፋት ሁሉ የወጣው በብርዕ ጭረት ነው። ንድፉ በጀርመን አገር በሐምቡርግ ይገኛል።

ሬምብራንትና ሕፃኑ። በሌላ ተረት ታላቁ አምላክ ንስር ሆኖ ጋኒሜድ የሚባል መልከ መልካም ልጅ ይነጥቃል። ሌሎች ሠዓሊዎች ልጁን የሚያምር ጎረምሳ አድርገው ሠርተውታል። ሬምብራንት ግን በ1635 አካባቢ ሕፃን አድርጎ ነደፈው። ጭልፊት ጫጩት እንደሚነጥቅ፣ ንስሩ ሕፃኑን አንጠልጥሎታል። ሕፃኑ ደንግጦ ያለቅሳል። የብርዑ ጭረት የተቻኮለ ነው፤ ጥላውም በቡሩሽ ፈጠን ተደርጎ የተቀባ ነው። ድንጋጤው ከዚያ ይመጣል።

ክሎድና የእውነት መጽሐፉ። ክሎድ ሎሬን በፈረንሳይ በኩል በሎሬን ተወልዶ በሮም የኖረ ሠዓሊ ነው። የሞተው በ1682 ነው። ትምህርቱ ትንሽ ነበር። ሲጽፍ ፈረንሳይኛና ጣሊያንኛ ይቀላቀልበታል፤ ፊደሉንም ይስታል። ሥዕሉ ግን በነገሥታትና በጳጳሳት ዘንድ ተፈላጊ ሆነ። ያን ጊዜ ሌሎች ሰዎች ሥራውን እያስመሰሉ በስሙ መሸጥ ጀመሩ።

ክሎድ ምን አደረገ? ከ1635 አካባቢ ጀምሮ አንድ መጽሐፍ አዘጋጀ። ሥዕል ሠርቶ ባስረከበ ቁጥር የሥዕሉን ግልባጭ በብርዕና በቀጠነ ቀለም በመጽሐፉ ላይ ይነድፋል። ከኋላው ሥዕሉ ለማን እንደተሠራ በዚያው በተሳሳተ ፊደሉ ይጽፋል። መጽሐፉ ነጭና ሰማያዊ ወረቀት እያፈራረቀ የተጠረዘ ሲሆን ወደ 200 የሚጠጉ ንድፎች አሉት። "የእውነት መጽሐፍ" ይባላል። ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ጽሑፉ ያማረ ባይሆንም እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለመለየት እስከ ዛሬ ያገለግላል። እኛም ፊደላችን ገና አላማረም ብለን ከመመዝገብ ወደ ኋላ አንበል።

ክሎድ የፔርሴዎስንም ተረት ነድፏል። ፔርሴዎስ አውሬውን ከገደለ በኋላ እጁን ሊታጠብ ፈለገ። ይዞት የነበረውን የሜዱሳን ራስ በባሕር ሣር ላይ አኖረው። ያ ራስ ያየውን ሁሉ ድንጋይ የሚያደርግ ነው። ሣሩም ጠነከረና መርጃን የሚባለው የባሕር ጌጥ ሆነ። ክሎድ ይህን በቡናማ ቀለም ነድፎ፣ ቡናማና ሰማያዊ ስስ ቀለም ቀብቶ፣ ብርሃኑን በነጭ ነክቶታል። ንድፉ በኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም አለ። በኦቪድ አተራረክ ይህ ባሕር ዳር አንድሮሜዳ የታሰረችበት የኢትዮጵያ ባሕር ዳር ነው።

7. ባዶ የተተወችው ልጅ

አሁን ወደ አንድሮሜዳ እንመለስ። አውሮፓውያን ሠዓሊዎች እጅግ ብዙ ጊዜ ነድፈዋታል፤ ሥለዋታልም። ባሕሩ በጭረት ይጠቁራል። ዓለቱ በስስ ቀለም ይጠቁራል። አውሬውም ይጠቁራል። የልጅቱ ገላ ግን በአብዛኛው ባዶ ወረቀት ነው። ከንድፉ ሁሉ የምታበራው እርሷ ናት።

ኦቪድ በትልቁ መጽሐፉ ስለ መልኳ ቀለም በቀጥታ አይናገርም። ፔርሴዎስ ሲያያት የእብነ በረድ ሐውልት መሰለችው ይላል። በሌላ ሥራው ግን አንድሮሜዳ እንደ አገሯ ሰው ጠይም እንደነበረች፣ ፔርሴዎስም እንደዚያው ሆና እንደወደዳት ይናገራል። ሠዓሊዎቹ ኦቪድን ያነቡ ነበር። ታዲያ ለምን ነጭ አደረጓት?

አንድ ሰው "ወረቀቱ ነጭ ስለሆነ ነው፤ ቀለሙ አይበቃም" ሊል ይችላል። እስቲ የተማርነውን ይዘን እንፍረድ። ጠይም ገላ በቀለም ለማውጣት ምን ያስፈልጋል? ስስ ቀለም መቀባት፣ ማድረቅ፣ መደረብ፣ ብርሃን በሚያርፍበት በግንባርና በትከሻ ላይ ጥቂት ወረቀት መተው ነው። በክፍል 5 ያየነው አሠራር ከዚህ የተለየ አይደለም። ለዚህም ማስረጃ አለ። ሬምብራንት በ1638 አካባቢ በበቅሎ ላይ ተቀምጠው ነጋሪት የሚመቱ ሁለት ጥቁር ሰዎችን ነድፏል። ብርዕ፣ ቡናማ ቀለምና ቀይ ጠመኔ ተጠቅሟል። ፊታቸው ጥቁር ነው፤ ብርሃኑም በፊታቸው ላይ ይታያል። ንድፉ በብሪቲሽ ሙዚየም አለ። ስለዚህ ብርዑም ቀለሙም ይችላል።

አንድሮሜዳን ነጭ ያደረጋት የሰው ልማድ ነው። ልማዱም ከአውሮፓ ሠዓሊዎች በፊት የቆየ ነው። ሄሊዮዶሮስ የተባለ ጥንታዊ የግሪክ ጸሐፊ በአንድ ልብ ወለድ መጽሐፉ፣ አንዲት የኢትዮጵያ ንግሥት የነጭ አንድሮሜዳን ሥዕል እያየች በመፀነሷ ነጭ ልጅ ወለደች ብሎ ይተርካል። ስለዚህ በእርሱም ዘመን ልጅቱን ነጭ አድርጎ ማሰብ የታወቀ ነበር። አንዱ የሠራውን ሌላው እየተከተለ፣ ተከታዩም ያንኑ እየገለበጠ ዘለቀ። ቆንጆ ከሆነች ነጭ መሆን አለባት የሚለው ሐሳብ በባዶ ወረቀት ተጻፈ።

እንዲህ ስንል ሠዓሊዎቹ እጅ አልነበራቸውም ማለታችን አይደለም። የዱረርን ጭረት፣ የክሎድን ስስ ቀለም ማድነቅ ይገባል። ነገር ግን ሥዕልን ማየት የተማረ ሰው ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል። ቀለሙ የት ነው ያረፈው? ቀለሙ ያላረፈውስ የት ነው? ውል ስንፈርም የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን ያልተጻፈውንም እንደምንፈልግ ሁሉ፣ ሥዕልም እንዲሁ ይነበባል።

8. ቀለም ወረቀቱን ሲበላ

የብረት ቀለም አንድ ክፉ ጠባይ አለው። በውስጡ አሲድ አለ። አሲዱ ከዓመታት በኋላ ወረቀቱን ይበላል። በተለይ ጥላው እንዲጠቁር ቀለም በተደራረበበት ቦታ ወረቀቱ ይሰነጠቃል፤ ይበሳል። ነዳፊው በጣም የደከመበት ቦታ ቀድሞ ይጠፋል ማለት ነው። እርጥበት ሲጨመርበት ጉዳቱ ይፈጥናል። ብርሃን ደግሞ ቀለሙን ያደበዝዘዋል። በዚህ ምክንያት ሙዚየሞች እንዲህ ያሉትን ንድፎች ለጥቂት ወራት ብቻ አሳይተው ወደ ጨለማና ደረቅ ቦታ ይመልሷቸዋል።

የእኛም ወረቀት ይህንኑ ይፈልጋል። የመሬት ደብተር፣ የልጆች የልደት ወረቀት፣ የዕቁብና የዕድር መዝገብ፣ የአባት ደብዳቤ ከእርጥብ ግድግዳ፣ ከሚያፈስ ጣሪያና ከፀሐይ መራቅ አለበት። አይጥና ምስጥ በማይደርሱበት፣ ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። እስክሪብቶ ፀሐይ ሲመታው ይደበዝዛል። በእርሳስ የተጻፈ ግን ካልተፋቀ በፀሐይ አይጠፋም።

9. እንሞክር

ብርዕ። የደረቀ መቃ እንቁረጥ። ጫፉን በሰያፍ ጠርበን መሐሉን ትንሽ እንሰንጥቀው።

የጥላሸት ቀለም። ከምጣድ ወይም ከድስት ሥር ጥላሸት እንፋቅ። አድቅቀን በስስ ጨርቅ እንንፋው። የግራር ሙጫ በሙቅ ውሃ አሟሙተን ከጥላሸቱ ጋር ደህና አድርገን እናሽ።

የብረት ቀለም። በጣም የወፈረ ሻይ እናፍላ። በብርጭቆ አድርገን የዛገ ምስማርና ጥቂት የሎሚ ጠብታ እንጨምርበት። ጥቂት ቀን ሲቆይ ይጠቁራል። ይህ አይጠጣም። ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።

ንድፍ። አንድ ማሰሮ በበር አጠገብ እናስቀምጥ። ብርሃኑ በአንድ በኩል ይምታው። በከሰል ቀለል አድርገን እንጀምር። በመቃው ዳር ዳሩን እናውጣ። በጥላው በኩል ጭረት እንሙላ። ብርሃን ያለበትን ቦታ ባዶውን እንተወው።

አዳዲስ ቃላት

ንድፍ፦ በመስመርና በጥላ የሚሠራ ሥዕል።
ታኒን፦ በዛፍ ልጥ፣ በእባጭና በሻይ ውስጥ የሚገኝ፣ አፍ የሚያኮማትር ነገር።
አሲድ፦ የሚኮመጥጥና ሌላውን ነገር የሚበላ ፈሳሽ።
ግልባጭ፦ ከዋናው ተመስሎ የተሠራ ሁለተኛ ቅጂ።
ሙዚየም፦ የቆዩና የከበሩ ዕቃዎች ለሕዝብ የሚታዩበትና የሚጠበቁበት ቤት።

ጥያቄዎች

1. የድሮው የአውሮፓ ወረቀት ከምን ይሠራ ነበር? ሙጫ ባይነከር ምን ይሆናል?
2. የላባ ብርዕና የመቃ ብርዕ መስመራቸው በምን ይለያያል?
3. ሦስቱን ቀለሞች ጥቀሱ። ወረቀት የሚበላው የትኛው ነው? ለምን?
4. በቀለም ንድፍ ውስጥ ብርሃን እንዴት ይወጣል?
5. ክሎድ ሎሬን የእውነት መጽሐፉን ለምን አዘጋጀ?
6. አንድሮሜዳ ነጭ የሆነችው ቀለሙ ስለማይችል ነው? ከሬምብራንት ሥራ ማስረጃ እየሰጣችሁ ተወያዩ።
7. በቤታችሁ ካሉት ወረቀቶች በደንብ መጠበቅ ያለባቸው የትኞቹ ናቸው? አሁን የት ተቀምጠዋል?